የእንግዶች ድስት

ዓለሚቱ ፈሪ ናት። ይህን ያልኩት ላማት ብዬ አይደለም፤ ራሷም ብትጠየቅ አትክድም። በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፤ ስሟ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ትደነግጣለች፤ ወረቀት የያዘ ሰው ወደ ግቢ ሲገባ ካየች ደግሞ በእጇ ያለውን ዕቃ ቶሎ ብላ መሬት ታስቀምጣለች፣ እንዳይወድቅባት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስትወርድ ሐረጎን ዓይኗን ጨፍና ነው የምታልፈው። ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ጠመዝማዛ ስትወጣ ስትወርድ ኖራ፣ ገደሉን አንድ ቀን እንኳ አይታው አታውቅም። ጎረቤቶቿ «ፈሪ ለእናቱ» ብለው ሲቀልዱባት «እናቴማ ሞታለች፣ ለማን ልሁን እንግዲህ?» ብላ ትስቃለች። ሳቋም ቢሆን አጭር ነው።

ወጥ ቤት ስትገባ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። እንጀራዋ ወጥ ቤት ማጽዳት ነው። የቤት ሠራተኛ አይደለችም፤ ይልቅስ ሠራተኛ ያላቸው ሰዎች ናቸው የሚጠሯት። ሠራተኛዋ ዓመቱን ሙሉ «ነገ እፈትገዋለሁ» ስትለው የከረመችው ጥላሸት ጣሪያውን ሲወርሰው፣ ድግስ ሲቃረብ፣ አማት ልትመጣ ነው ሲባል፣ ያን ጊዜ «ዓለሚቱን ጥሯት» ይባላል። እሷም ትመጣና መጀመሪያ ወጥ ቤቱን ባዶ ታደርገዋለች። «ወጥ ቤት በከፊል አይታጠብም» ትላለች። እስከ መጨረሻዋ ማንኪያ ግቢ አውጥታ ኬሻ ላይ ትደረድራለች። ከዚያ ፀጉሯን ሸብ አድርጋ ከጣሪያው ትጀምራለች፤ ቀጥሎ ግድግዳው፣ ቀጥሎ መደርደሪያው። የዘይት እድፍን ላምባ በነካ ጨርቅ ታስለቅቀዋለች። ድስቶቹን የምትይዘው በመጨረሻ ነው፤ በአመድና በሽቦ። ዓለሚቱ የፈተገችው ብረት ድስት ላይ ሴት ልጅ ኩሏን ልትኳል ትችላለች። ፍርሃቷን ሁሉ እዚያ ላይ ነው የምትወጣው፤ ይህ የእኔ ግምት ነው፣ እሷ እንዲህ ብላ አታውቅም።

በ1996 ዓ.ም. ጥር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኮምቦልቻ ሊዲ የምትባል ወጣት ባለትዳር ቤት ተጠራች። ሊዲና ባሏ እዮብ እንደ ዓለሚቱ የወንጌል አማኞች ናቸው፤ የሚተዋወቁትም በጸሎት ቤት ነው። ቤቱ የእዮብ ወላጆች ቤት ነበር። አባቱ ጸጋው የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። እናቱ ግን የሞቱት ገና ባለፈው ክረምት ነው። ወጥ ቤቱ የእሳቸው ግዛት ነበር። ምራታቸው ሊዲ እሳቸው በሕይወት እያሉ አንዲት ጭልፋ ከቦታዋ አላነቃነቀችም፤ ከሞቱም ወዲህ ድፍረቱ አልመጣላትም።

«እትዬ ዓለሚቱ፣» አለች ሊዲ፣ «ነገ ከሰዓት እንግዶች አሉብን። ሼህ ዘይኑልአቢዲንና ባለቤታቸው እማማ ዙበይዳ ከቢስቲማ ይመጣሉ። የእዮብ ወላጆች ወዳጆች ናቸው፤ ከቀብሩ ወዲህ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። እዮብ ‹አባቴ ያቆየው ወዳጅነት በእኔ እጅ እንዳይበጠስ› እያለ ሰላም አጥቷል።»

ከዚያ ከላይኛው መደርደሪያ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ ብረት ድስት አውርዳ አሳየቻት።

«ይሄ የእነሱ ድስት ነው። መንታው ያውልሽ፣ ከታች፣ እኛ የምንሠራበት። በአንድ ቀን የተገዙ ናቸው፤ ልዩነታቸው ይህችው ናት።» ከእጀታው ሥር ጣት የምታህል አረንጓዴ መስመር በቀለም ተሰምራለች። «አደራሽን እንዳይቀላቀሉ። ይኼኛውን አቧራውን ብቻ አለቅልቂው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጸጋው የእርዳታ እህል ጭኖ ወደ ቢስቲማ ሲሄድ መኪናው ተሰበረ፤ እሱም እዚያው ወባ ጣለው። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ቤታቸው አስገብተው፣ ለልጆቻቸው ያልበቃውን እያቃመሱ አሥራ ሁለት ቀን አስታመሙት። ከዚያ በኋላ ዘመድ ሆኑ። በኋላ ሼሁና ዙበይዳ ኮምቦልቻ ሲመጡ ግን ዳቦና ማር ብቻ ቀምሰው ተመለሱ፤ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ያ ስጋ የበሰለበትም ድስት አይነካም። ወሎ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ሰርጉንም ለቅሶውንም አብረን እንውላለን፣ ስጋው ላይ ስንደርስ ትሪያችን ይለያል፣ ማንም አይቀየምም። የእዮብ እናት ግን ተቀየሙ፤ በራሳቸው። «እንግዳዬ ዳቦ ገምጦ አይሄድም» ብለው ባላቸውን ከአሰብ ሁለት መንታ ብረት ድስት አስመጡ። በአንዱ ላይ ከግቢ በሩ የተረፈውን አረንጓዴ ቀለም ቀቡበት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ ሼሁ በገዛ ቢላዋቸው በጉን ያርዳሉ፣ ዙበይዳ በገዛ እጃቸው በዚያ ድስት ይሠሩታል፣ ቤተሰቡም ከእነሱ ጋር ይበላል። ድስቱ ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ፣ እስከሚቀጥለው ዓመት ከላይ ይቀመጣል።

ዓለሚቱ «አደራ» የሚለውን ቃል ስትሰማ በእጇ የነበረውን ጨርቅ መሬት አስቀመጠች። «አብሽሪ፣ ምልክት አለው አይደል፣ አይጠፋኝም» አለች ግን። ሊዲ ወደ ገበያ ሄደች፤ እዮብም ሥራው ላይ ነበር። ግቢው ውስጥ ዓለሚቱ ብቻዋን ቀረች።

ዕቃውን አወጣች። ጣሪያውን ጠረገች፤ ጥላሸቱ እንደ ጥቁር በረዶ ወረደባት። ግድግዳውን አጠበች። እስከ አራት ሰዓት ነገሩ ሁሉ ደህና ነበር። ከዚያ የላይኛውን መደርደሪያ ልትወለውል ሳንቃውን ሳብ ስታደርግ፣ ከሳንቃውና ከግድግዳው መካከል የዛገ የወተት ጣሳ አገኘች። ከፈተችው። ውስጡ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ላይ የተማሪ ደብተር ሽፋን የተለጠፈበት ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር።

ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። የእዮብ እናት ናቸው የደበቁት፤ በዚያ ዘመን። የወጥ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ደርግ ከወደቀ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ መጽሐፍ ቅዱስ ገበያ መሃል በድምፅ ማጉያ እየተጮኸ ይሸጣል። እሷ ግን ጣሳውን በሽርጧ ጠቅልላ ወገቧ ላይ አሰረችና የግቢውን በር አየች። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ከዚያ ወደ ድስቶቹ ሄደች። እጇ አመድና ሽቦ አነሳ። ሐሳቧ ግን እዚያ አልነበረም፤ ሐሳቧ ደሴ ነበር፣ በ1971 ዓ.ም.።

ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ከገራዶ መጥታ አሮን የሚባሉ አስተማሪ ቤት ተቀጥራለች። የአማኞች ጸሎት ቤት ታሽጎ ነበር፤ ሰዉ የሚሰበሰበው በአሮን ወጥ ቤት ውስጥ ነበር፣ ከዋናው ቤት ኋላ ስለሆነ። የዓለሚቱ ሥራ ሙቀጫ መውቀጥ ነበር፣ ዝማሬው ወደ ውጭ እንዳይሰማ። ብዙ ጊዜ ሙቀጫው ውስጥ ምንም የለም። ባዶ ሙቀጫ ትወቅጣለች፤ እነሱ በሹክሹክታ ይዘምራሉ።

አንድ ቀን የቀበሌ ጥበቃዎች ድንገት ገቡ። ዓለሚቱ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መጽሐፍ ቅዱስ አፈፍ አድርጋ ሽሮ ጣሳ ውስጥ ቀበረችው። አገኙት። አንደኛው ሰውዬ መጽሐፉን እያራገፈ፣ «እዚህ ውስጥ የከተተው ማነው?» አለ።  ዓለሚቱ እዚያው ጣሳው አጠገብ ቆማለች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ሽሮ ለብሷል። ሰውዬው ቀና ቢል ያያታል። «እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ያን ጊዜ አሮን ከኋላ፣ «እኔ ነኝ» አሉ።

ሰባት ወር ታሰሩ። ሲፈቱ አንድ ጆሯቸው አይሰማም ነበር። ነገሩን አንድ ቀን አንስተውባት አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምሳ ላይ፣ «ዓለሚቱ፣ ይሄ ሽሮ ከዚያኛው ይጣፍጣል» ብለው ሳቁ። እሷ ወጥታ ከቤቱ ኋላ አለቀሰች። አሮን ሞቱ፤ ይቅርታ ሳትጠይቃቸው። አንደኛው ጆሯቸው ደህና ነበር እኮ፣ በዚያኛው ልትነግራቸው ትችል ነበር። ፈራች።

ይህን እያሰበች እጇ ይፈትጋል። አመድ፣ ሽቦ፣ ውሃ። አመድ፣ ሽቦ፣ ውሃ። አንዱን ድስት ገልብጣ የድንጋይ አጥሩ ላይ አሰጣችው፤ ሌላውን አነሳች፤ ፈተገች፤ አሰጣችው። ሽቦውን ልታጥብ እጇን ስትዘረጋ ሽቦው አረንጓዴ ነበር።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባትም። ሣር መሰላት። ከዚያ ጣቶቿን አየች፤ በጥፍሮቿ ሥር አረንጓዴ ገብቷል። ቀስ ብላ ወደ አጥሩ ዞረች። ሁለቱ ድስቶች ጎን ለጎን ተደፍተው በፀሐይ ያብረቀርቃሉ። እንደ አጥንት ነጥተዋል። መስመር የለም። በዚህኛውም የለም፣ በዚያኛውም የለም።

«ጌታ ሆይ» አለች።

ገለበጠቻቸው። እጀታቸውን ዳሰሰች። ውስጣቸውን አሸተተች፤ ሁለቱም ኦሞና አመድ ይሸታሉ። በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፃቸውን አዳመጠች፤ አንድ ድምፅ ነው። በየዓመቱ አንድ ቀን ብቻ የሚነካው ድስት እንደ አዲስ መሆን ነበረበት፣ ዘወትር የሚሠራበት ደግሞ አርጅቶ መታየት ነበረበት፤ ግን እሷው ናት ሁለቱንም አዲስ ያደረገቻቸው። የገዛ ሙያዋ ጉድ ሠራት። ሌላ ሴት ብታጥባቸው ኖሮ እድፉ ራሱ ይናገር ነበር።

 ብትናገር? የሟች እናታቸው ምልክት ነው፤ ሊዲ ምን ትላለች? ወሬውም ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሐረጎን ለመውጣት ግማሽ ቀን አይፈጅበትም፤ «አደራ የተባለችውን ድስት የቀላቀለች» የተባለችን ሴት ማን ወጥ ቤቱ ያስገባታል? እንግዶቹስ? ለአሥራ ስምንት ዓመት ያመኑት ድስት ነው። ባትናገርስ? ማን ያውቃል? አንዱን ጨርቁ ውስጥ ጠቅልላ ከላይ ብታስቀምጠው፣ ግማሽ ዕድል አላት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ከጎረቤት፣ ከሳፊያ ቤት፣ የሙስሊም ድስት ብትዋስስ? ሊዲ «ለምን?» ትላታለች። ሁሉም መንገድ እዚያው ወደ አንዲቱ ቃል ይመልሳታል፤ ያችን ቃል ደግሞ አንድ ጊዜ ሞክራት አፏ እምቢ ብሏታል። «እስከ ነገ አስብበታለሁ» አለች። ገና አንድ ቀን አላት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ግቢ በሩ ተንኳኳ። ሊዲ ከገበያ መመለሷ ነበር፣ ከኋላዋ እዮብ፣ ከእዮብ ኋላ ደግሞ ነጭ ጥምጣም ያደረጉ ረጅም ሽማግሌና አንዲት ደልደል ያሉ አሮጊት። በግም አለ፣ በገመድ።

«አሰላሙ አለይኩም! ነገ ብለን ነበር፣ መኪና ዛሬ ተገኘ፤ መኪና ደግሞ የተገኘ ዕለት ነው» አሉ ሼህ ዘይኑልአቢዲን።

እዮብ ጉንጫቸውን ስሞ ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ዙበይዳ ገና ከበሩ «ወይ እህቴ፣ ቤትሽ መጣሁ፣ የለሽም» ብለው አለቀሱ፤ ሁሉም አብረው አለቀሱ። ዓለሚቱም አለቀሰች፤ እሷ ግን ያለቀሰችው ለሌላ ነገር ነው። ከዚያ ሼሁ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ «ቢስሚላህ» ብለው ቢላዋቸውን አወጡ።

ወጥ ቤቱን ያየ ሁሉ አፉን ያዘ። ሊዲ «እትዬ ዓለሚቱ፣ ይህ የኛ ወጥ ቤት ነው?» ብላ አቀፈቻት። ዓለሚቱ እንደ እንጨት ደርቃ ቆመች። ቀጥሎ ያቺ የፈራቻት ጥያቄ መጣች፤ ሊዲ ወደ አጥሩ እየሄደች፣ «የእነሱ የትኛው ነው?» አለች።

ዓለሚቱ አፏን ከፈተች።

«የቀኙ» አለች።

ከየት እንደመጣ አታውቅም። ሊዲ ምልክቱን እንኳ አልተመለከተችም፤ በፀሐይ የጋለውን ድስት በጨርቅ ይዛ ለዙበይዳ አቀበለቻቸው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሉት ይህ ነው። ዓለሚቱ ወደ ወጥ ቤቱ ጥግ ሸሸች፤ እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ከተተች፣ ጥፍሮቿ እንዳይታዩ። ጣሳው እዚያው ሽርጧ ውስጥ ነበር።

ዙበይዳ ዱካ ላይ ተቀምጠው ድስቱን ከሰሉ ላይ ጣዱ። ሽንኩርቱን ራሳቸው ከትፈው ጨመሩ። ቁሌቱ መንጫጫት ጀመረ። እሳቸውም እያማሰሉ፣ ለዓለሚቱ ይሁን ለሟቿ በማይታወቅ ድምፅ ማውራት ያዙ።

«ወላሂ፣ እንደ እሷ ያለ አላየሁም። ይህን ድስት ልትሰጠኝ ስትል እጇን ሦስቴ ነበር የምትታጠብ። ቀለም ቀብቼበታለሁ ትለኝ ነበር። ስሚኝማ ልጄ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ገልብጬ ያንን ቀለም አላየሁትም። ለምን አያለሁ? ‹ይኸውልሽ ዙበይዳ› ካለችኝ ይበቃኛል። የሰው ቃል ካልታመነ ቀለም ምን ያደርጋል?»

ዓለሚቱ እጆቿን ይበልጥ ሽርጧ ውስጥ ቀበረች።  ሊዲ ስጋውን በትሪ ይዛ ገባች፤ ዙበይዳ ትሪውን ተቀብለው ወደ ድስቱ አዘነበሉት። የመጀመሪያው ብልት ከጠርዙ ተንሸራተተ።

«አይክተቱት!»

ዓለሚቱ ይህን ያለችው እሷ መሆኗን ያወቀችው ሁሉም ሲዞሩባት ነው። ዙበይዳ ብልቱን በእጃቸው ያዙት። እዮብ ከደጅ ሮጦ መጣ፤ ከኋላው ሼሁ።

«ድስቱ... ድስቱ አይታወቅም፤» አለች። «ምልክቱ ጠፍቷል። የቀኙ ያልኩት ዋሽቼ ነው። የትኛው የእርስዎ እንደሆነ አላውቅም።»

«ማነው ያጠፋው?» አሉ ዙበይዳ።

አልጮኹም። ቃሉ ግን ያው ነበር፤ ማነው? ዓለሚቱ እጆቿን ከሽርጧ አወጣች። በጥፍሮቿ ሥር አረንጓዴው አለ። ሃያ አምስት ዓመት ጉሮሮዋ ውስጥ የተሰነቀረውን ቃል በሁለት እጇ የጎተተችው ያህል ነው።

«እኔ ነኝ» አለች።

 ሽንኩርቱ ብቻ ይንጫጫል፤ ማረር ጀምሯል። ከዚያ ሊዲ ፈነዳች። «ጠየቅሁሽ እኮ! በአፍሽ ‹የቀኙ› አልሽኝ እኮ! በእዮብ እናት አደራ...» ልትጨርሰው አልቻለችም። እዮብ ፊቱ አመድ መስሎ የበሩን መቃን ይዞ ቆሟል። ዓለሚቱ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች፣ ልክ እንደ ሐረጎ።

ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ታጥቧል አይደል? ድስትማ በውሃ ይጠራል፤ ዲኑ አያስጨንቅም።»

«ድስቱማ ይጠራል፤ ዋሽተው የሰጡኝን ግን አልሠራበትም፤» አሉ ዙበይዳ። ትሪውን አስቀምጠው ሸፈኑት። ሁለቱን ድስቶች ብርሃን ላይ አስወጥተው ገለባበጡ፤ ዳሰሱ፤ አሸተቱ፤ በጣታቸው መቱ። ዓለሚቱ ያደረገችውን ሁሉ አደረጉ። በመጨረሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አላወቅሁትም። በሉ ከጎረቤት፣ ከሳፊያ ቤት ድስት አምጡልኝ። ስጋው ዝንብ ሳይወረው።»

ይኸው ነው። ሳፊያ በአጥሩ ላይ ድስት አቀበለች፤ «ለእንግዳ ነው? ውሰዱ፣ ውሰዱ» ብላ። አንድ ሲኒ ቡና የሚያስጠጣ ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ዓለሚቱ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ የሞተችበት ጉድጓድ ጥልቀቱ ይህችን ታህል ነበር። ግን ይህን የሚያውቀው ወርዶ የወጣ ሰው ነው፤ ከላይ ሆኖ ለሚያየውማ ታች የለውም።

ምሳው ተበላ። እሷ አልበላችም። ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጨርቆቿን ስትጠቀልል ሊዲ መጣች፤ የቀኑን ሒሳቧን ሰጠቻትና ወደ ሌላ እያየች፣ «እትዬ ዓለሚቱ፣ ሁለተኛ ባንጠራሽ አትቀየሚን» አለች። ዓለሚቱ ራሷን ነቀነቀች። የሚገባት ነው። ከሽርጧ ጣሳውን አውጥታ፣ «ይሄ ከመደርደሪያው ኋላ ነበር። የእናታችሁ ነው» ብላ ሰጠቻት። ሊዲ ከፈተችው፤ የደብተሩን ሽፋን ገልጣ የአማቷን እጅ ጽሑፍ ስታይ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አስጠጋች። ከዚያ ወደ ቤት ገባች።

ዓለሚቱ ግቢ በሩ ላይ ስትደርስ ከኋላዋ ስሟ ተጠራ። ጮክ ተብሎ። እንደ ልማዷ ዘለለች።

«ዓለሚቱ! ወዴት ነው?» ዙበይዳ ናቸው። ሁለቱን ድስቶች በገዛ እጃቸው ሰባት ሰባት ጊዜ አጥበው ደፍተዋቸዋል፤ ከፊታቸው ደግሞ እዮብ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ አንድ ጣሳ አረንጓዴ ቀለምና ብሩሽ አለ። «ያጠፋሽውን መልሰሽ ሂጂ።»

«የትኛው ላይ?» አለች ዓለሚቱ።

«ሁለቱም ላይ።»

ሊዲ ከበረንዳው፣ «እማማ፣ ታዲያ እኛ በምን እንሠራለን?» አለች።

«ግዙ! ወጣት አይደላችሁ?» አሉ ዙበይዳ። እዮብ ሳቀ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ዓለሚቱ ተንበረከከች። ብሩሹ እጇ ላይ አልጸና አላት፤ የመጀመሪያው መስመር እንደ ሐረጎ መንገድ ተጠማዘዘ፣ ሁለተኛውም ከእሱ አልተሻለም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጠመመ» አለች። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰማችው፤ ከመስመሩም ለሚበልጥ ነገር፣ ከዙበይዳም ሌላ ለሆነ ሰው እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

ዙበይዳ መስመሮቹን ጎንበስ ብለው አዩአቸው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያላዩትን አሁን አዩ። «አፉ ብዬሻለሁ። እጅሽ ነው የጠመመው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ረመዳን ሳይገባ ቢስቲማ ትመጫለሽ። ወጥ ቤቴን ጥላሸት በልቶታል። ልጆቼ ‹ክርስቲያን ድስትሽን ይንካው?› ቢሉኝ የምመልሰውን እኔ አውቃለሁ።» ሊዲ ይህን ከበረንዳው ሰማች፤ መጽሐፉን ደረቷ ላይ እንደያዘች ነበር። ዓለሚቱ ስትወጣ እስከ በሩ ሸኘቻት።

ሳይመሽ ዓለሚቱ ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ተሳፈረች። እዚህ ላይ «ሐረጎ ላይ ዓይኗን ገልጣ ገደሉን አየችው» ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። አልገለጠችም። እንደ ወትሮዋ ጨፍና፣ የፊተኛውን ወንበር በሁለት እጇ ጨምድዳ ነው የወጣችው። መሃል መንገድ ላይ ግን አጠገቧ የተቀመጠች ሴት፣

«ኧረ ጉድ! ነጠላዬን ቀለም ያስነካው ማነው?» ብላ ጮኸች።

ሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለች ዓለሚቱ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።